ኪኒኑን በሻይ ማወራረድ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በአይረን ፎሌት የታከመ የደም ማነስ

የጉዳይ ጥናት

የዚህ ጉዳይ ባለቤት የ24 ዓመት ነፍሰ ጡር ናት። የምትኖረው ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ከባለቤቷና ከአማቷ ጋር ነው። እርግዝናው ሦስተኛዋ ነው። የመጀመሪያው ልጅ 5 ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛዋ ይህኛው ሲፀነስ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። ማንነቷን ሊያሳውቅ የሚችል ዝርዝር ከጽሑፉ ወጥቷል። የቀረው የሕክምናው ታሪክ፣ ቁጥሩና የተሠራው ስህተት ነው።

ለቅድመ ወሊድ ክትትል መጀመሪያ የመጣችው በ16ኛው ሳምንት ነበር። ከጣት በተወሰደ ደም ሄሞግሎቢኗ (ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) በዴሲ ሊትር 9.6 ግራም ሆነ። 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው የተለመደው የአይረን ፎሌት ኪኒን 30 ፍሬ ተሰጣትና «በቀን አንድ» ተባለች። በ20ኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ያን ቀን ሄሞግሎቢን ሳይለካ ሌላ 30 ፍሬ ተጨመረላት። በ26ኛው ሳምንት ስትመጣ ግን ደረጃ ስትወጣ ልቧ እንደሚመታ፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ እንደሚጨልምባት ተናገረች። የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጥቷል። ሄሞግሎቢኗ 8.3 ነው። አሥር ሳምንት ሙሉ መድኃኒት «እየወሰደች» ደሟ ወርዷል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚከተለው «ኪኒኑ አልሠራላትም፣ መርፌ ይሰጣት» የሚል ውሳኔ ነው። አንዳንዴ ውሳኔው ትክክል ይሆናል። እዚህ ግን መጀመሪያ መመለስ የነበረበት ኪኒኑ በእርግጥ ሆዷ ገብቷል ወይ፣ ከገባስ ከምን ጋር ገባ የሚለው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት

በ16ኛው ሳምንት የተለካው 9.6 ራሱ የደም ማነስ ነው። በሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር መለያው 10.5 ሲሆን ከ7.0 እስከ 9.9 ያለው መካከለኛ የደም ማነስ ይባላል። በቀን አንድ ኪኒን የደም ማነስ የሌለባት ነፍሰ ጡር እንዳይመጣባት የምትወስደው የመከላከያ መጠን ነው። የደም ማነስ ላለባት ሕክምናው ሄሞግሎቢኑ ወደ ልኩ እስኪመለስ ድረስ በቀን 120 ሚሊ ግራም ብረት፣ ማለትም ሁለት ኪኒን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አንዱ ይመለሳል። ሁለቱም ከአንድ ዕቃ ስለሚታደሉ መከላከያውና ሕክምናው በቀላሉ ይምታታሉ። ኪኒኑን የምትሰጠው ባለሙያ የላብራቶሪውን ወረቀት ካላየች ለሁሉም ሴት «በቀን አንድ» ትላለች።

ሌላም ነገር አለ። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮው ትንሽ ወፍራም ስለሚሆን ከተለካው ሄሞግሎቢን ላይ የከፍታው ማስተካከያ ይቀነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ያወጣው ሠንጠረዥ ከ1,000 እስከ 1,499 ሜትር ላሉ ቦታዎች 0.8፣ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ላሉት 1.1 ይቀነስ ይላል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ በመጀመሪያው፣ 1,900 ሜትር የምትጠጋው ሐረር በሁለተኛው ትገባለች። ስለዚህ የዚህች እናት 8.3 ሲስተካከል 7.5 ነው። ከባድ የሚባለው ከ7 በታች ያለው ነው። ወረቀቱ ላይ ከወሰኑ 1.3 የራቀች መስላ የታየችው ሴት በእውነቱ የራቀችው በግማሽ ግራም ብቻ ነበር። ይህ ማስተካከያ በድሬዳዋና በሐረር በየቀኑ ሊሠራበት የሚገባ ነገር ሆኖ ሳለ ከመዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ እናጣዋለን።

ሌላ ምክንያት ካለ

ብረት ከመጨመር በፊት ደሙ የሚያንሰው በብረት እጥረት መሆኑ መታየት አለበት። የሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ምርመራው እንዲህ ወጣ፦ የቀይ ሕዋሳት ቁጥር 3.6 ሚሊዮን፣ የሕዋሱ አማካይ መጠን 71 ፌምቶ ሊትር፣ የመጠኑ መበታተን 18.5 በመቶ፣ ነጭ ሕዋስና ፕሌትሌት ጤነኛ። ከ80 በታች የሆነ መጠን ሕዋሱ ማነሱን ያሳያል። 71 ለ3.6 ሲካፈል ወደ 20 ይጠጋል። ውጤቱ ከ13 በላይ ሲሆን ነገሩ ከዘር ከሚወረስ የሄሞግሎቢን ችግር ይልቅ ወደ ብረት እጥረት ያዘነብላል። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ቢለካ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ደግሞም ኢንፌክሽን ባለበት ሰው ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ይላል። ሲቢሲውና የመድኃኒቱ ምላሽ አብረው በቂ ማስረጃ ናቸው።

ወባ በድሬዳዋ አይዘለልም። በ2022 መጀመሪያ ከተማይቱን ያጠቃው ወረርሽኝ የተነሣው ዝናብ በሌለበት ወቅት ነበር። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ የምትራባው ረግረግ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ውኃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ውስጥም ትራባለች። ስለዚህ «ክረምት አይደለም» ብሎ ወባን መተው እዚህ አያስኬድም። የእናቲቱ ፈጣን ምርመራም፣ የደም ፊልሙም ነጋቲቭ ሆነ። የአጎበር አጠቃቀሟና የበርሜሉ ክዳን ተጠየቀ፤ ክዳን አልነበረውም። የሰገራ ምርመራ መንጠቆ ትል አላሳየም። አንድ ናሙና ግን ትሉን ሊስት ይችላል፤ የመጀመሪያው ሦስት ወርም አልፏል፤ ስለዚህ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ተሰጣት። ኤችአይቪ ነጋቲቭ፣ ሽንቷ ንጹሕ። ከየትም ደም አይፈሳትም።

«በምን ታወራርጂዋለሽ?»

«መድኃኒቱን ትወስጃለሽ?» ተብላ የተጠየቀች ሴት «አዎ» ነው የምትለው። ሌላ መልስ መስጠት ነውር ይመስላታል። ይህችም በሁለት ቀጠሮ እንዲሁ ብላ ነበር። በ26ኛው ሳምንት የተቀበለቻት ነርስ አጠያየቋን ለወጠች፦

«እናት፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትውጪው? በምን ታወራርጂዋለሽ?»

«ምሳ ከበላን በኋላ ነው። ጫቱ ሲመጣ፣ ሻይ ይፈላል አይደል፣ በሱ እውጠዋለሁ። ሽታው ከባድ ነው፣ በውኃ እንቢ ይለኛል።»

ጉዳዩ ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ሰዓቱን ያያል፦ እኩለ ቀን አልፎ የአወዳይ ጫት ከተማ ሲገባ፣ ሙቀቱ ሰውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ ቀረፋና ሄል የገባበት ሻይ፣ ብዙ ጊዜ በወተት፣ በፔርሙስ ሆኖ መሐል ላይ ይቀመጣል። ኪኒኑ የሚገባው ብረትን አስረው የሚያስቀሩ ነገሮች በቀኑ ውስጥ በብዛት በተሰበሰቡበት ሰዓት ነው።

የሻይ ታኒን ብረትን አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ምጠት 60 በመቶ ገደማ፣ ቡና ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሰዓቱም ለውጥ አለው፦ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከተጠጣ ጉዳቱ አይታይም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ከተጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ይጎዳል። ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ነውና። ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ ቡና ሲባል ፍሬው ብቻ አይደለም። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም፣ ከገለባው የሚፈላው አሸርም በዚሁ ሒሳብ ይገባሉ። «ቡና ትተሻል?» ተብላ «አዎ» ያለች ሴት ቁጢ እየጠጣች ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ቁጢ ቡና አይደለም። ወተቱም ካልሲየም አለው። ጫቱ ራሱ ታኒን የበዛበት ቅጠል ነው።

ጫቱ ግን በሌላ መንገድም ይጎዳል፤ በዚህች ሴት ላይ ይህኛው መንገድ ከታኒኑ ሳይብስ አይቀርም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከሰዓት የቃመች ቀን ራት አትበላም፣ ወይም ሁለት ጉርሻ ብላ ትተኛለች። የሚበላውም አብዛኛው የማሽላ እንጀራና ሽሮ፣ ጠዋት ደግሞ ለሆህ (እንደ እንጀራ ያለ ስስ ቂጣ) በሻይ ነው። ማሽላ ብረት አለው፤ ሆኖም ፋይቴት የተባለው የእህል ንጥረ ነገርና ታኒኑ ያንኑ ብረት ይይዙታል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ቶሎ የሚጋገር ለሆህ ግን ለዚያ ጊዜ አያገኝም። ሥጋ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ለወንዱ በርከት ብሎ ይቀርባል።

ከዚያ ነርሷ «በሚቀጥለው ሳይሆን ዛሬውኑ የቀረውን ኪኒን አምጪልኝ» አለቻት። ባለቤቷ በባጃጁ አመጣው። ፌስታሉ ውስጥ 23 ፍሬ ተገኘ። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው መስኮት ላይ ነበር፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል። ከእሽጉ የወጡት አንዳንዶቹ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥተዋል፤ ልባሳቸው ተሰነጣጥቆ ሲነኩት ጣት ላይ ቀለም ይቀራል። ብረቱ በሙቀትና በእርጥበት ወደማይፈለገው ዓይነቱ ሲለወጥ የሚታየው ይህ ነው። «ሽታው ከባድ ነው» ያለችውም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፤ ልባሱ ያልተነካ ኪኒን ይህን ያህል አይሸትም።

ሒሳቡን እንሥራ። በ70 ቀን 60 ፍሬ ተሰጣት። 23 ቀርቷል። ሌላ አሥር ፍሬ የያዘ አንድ እሽግ ደግሞ አማቷ «እኔንም ያዞረኛል» ብለው ወስደዋል፤ ይህ የወጣው ሲቆጠር ነው። የዋጠችው 27 ፍሬ ነው። 27 በ60 ሲባዛ 1,620 ሚሊ ግራም፣ ለ70 ቀን ሲካፈል በቀን 23 ሚሊ ግራም ብረት። ከዚህ አሥር በመቶ ቢመጠጥ 2.3 ሚሊ ግራም ነው፤ ከሻይ ጋር ሲሆን ከዚያም ያነሰ። በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ የእናትና የፅንስ ፍላጎት በቀን ወደ 6 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ደሟ መውረዱ የሚያስገርም አይደለም። መድኃኒቱ አልከሸፈም፤ አልደረሳትም።

ጊዜው ይበቃል?

ቀጣዩ ጥያቄ በአፍ መቀጠል ነው ወይስ በደም ሥር መስጠት የሚለው ነው። የጎደላት ብረት በተለመደው ቀመር ይሰላል፦ ክብደት፣ በሚፈለገውና ባለው ሄሞግሎቢን ልዩነት፣ በ2.4 ይባዛና ለክምችት 500 ይደመራል። ክብደቷ 54 ኪሎ፣ የሚፈለገው 11 ነው። 54 በ2.7፣ በ2.4፣ ሲደመር 500 ወደ 850 ሚሊ ግራም ይሆናል። በቀን 120 ሚሊ ግራም በትክክል ከተወሰደና 12 በመቶ ያህሉ ከተመጠጠ 14 ሚሊ ግራም ይገባል። ከዚያ ላይ የዕለቱ ፍላጎት 6 ሲቀነስ 8 ይቀራል። 850 ለ8 ሲካፈል ከ100 ቀን ያልፋል፤ እስከ ወሊድ የቀራት 95 ቀን ገደማ ነው። ሄሞግሎቢኑን ብቻ ለማንሣት ግን ወደ 350ው ይበቃል፤ ለዚያ 45 ቀን ያህል ነው የሚያስፈልገው። ብረት ያነሰው አንጀት ደግሞ ከሌላው አብልጦ ይመጥጣል። ስለዚህ በአፍ መቀጠል ይቻላል፤ የሚባክን ሳምንት ግን የለም። በ30ኛው ሳምንት ግልጽ ጭማሪ ካልታየ ወደ ሆስፒታል ተልካ በደም ሥር እንድትወስድ በካርዷ ላይ ተጻፈ። ከ7 በታች ከወረደች፣ ወይም ቁጭ ባለችበት ትንፋሽ ካጠራት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትሄድ ተነገራት።

መመሪያው ከእሷ ቀን ጋር ተሰፍቶ የተሠራ ነበር። ከሰዓት አይሆንም። ጠዋትም ለሆህና ሻይ አለ፣ ማቅለሽለሹም ያኔ ይነሣባታል። የቀረው ማታ ነው። ራት በ2 ሰዓት ይበላል፤ ኪኒኑ በ4 ሰዓት፣ ልትተኛ ስትል፣ ሆድ ቀለል ሲል ይዋጣል። ማቅለሽለሽ ቢኖር እንኳ ተኝታ ያልፋል። የሚወራረደው አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ላይ ግማሽ ሎሚ ተጨምቆበት ነው። ስለ ሎሚው እውነቱ መነገር አለበት፦ ቫይታሚን ሲ የእህልንና የአትክልትን ብረት ምጠት በጣም ይረዳል፤ ለኪኒኑ የሚጨምረው ግን ብዙ አይደለም፣ ኪኒኑ ውስጥ ያለው ብረት ቀድሞውኑ በሚመጠጠው መልክ ነውና። ሎሚው እዚህ ዋናው ጥቅሙ የሻዩን ቦታ መያዙና ሽታውን መቁረጡ ነው። ምሳ ላይ ግን ዘይቱን (ጓቫ) ወይም ፓፓያ ከሽሮው ጋር መብላት ለምግቡ ብረት በእርግጥ ይሠራል፤ ሁለቱም ቀፊራ ገበያ ላይ አይጠፉም።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች አንድ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ሁለቱን በአንድ ላይ። ሁለቱን ጠዋትና ማታ መክፈል ጥቅም ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውነት ብረት ሲገባለት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያወጣል፤ እሱም እስከ አንድ ቀን ድረስ የአንጀትን በር ያጠባል። የጠዋቱ ኪኒን የማታውን ይከለክላል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ ለማስታወስም ይቀላል። ካልሲየም ኪኒንና የቃር መድኃኒት ካለ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑረው።

ስለ ጫቱ ነርሷ አላድበሰበሰችም። ጫት ለፅንሱም እንደማይበጅ፣ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ከመወለድ ጋር እንደሚያያዝ፣ ቢቆም እንደሚመረጥ ነገረቻት። ካልሆነ ግን ምሳ በደንብ ሳይበላ እንዳይጀመር፣ ራትም እንዳይዘለል። እስከ ወሊድ አቆመች ማለት አይቻልም። ቀነሰች፤ ራቷንም መብላት ጀመረች።

ሰገራ እንደሚጠቁር ቀድሞ ተነገራት። ይህ ሳይነገር የቀረ እንደሆነ ብዙ ሴት «ሆዴ ደማ» ብላ ትተወዋለች። ከብረት የሚመጣው ጥቁረት ደረቅና አረንጓዴ ይዞ የሚጠቁር ነው፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚገማ ከሆነ ግን የደም ነው፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ጥቁረቱ ለባለሙያውም ያገለግላል፦ በሁለተኛው ሳምንት ሰገራዋ ካልጠቆረ ኪኒኑ አለመዋጡን ያስጠረጥራል። ለድርቀቱ ውኃ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ከሌላ ቦታ አብልጦ።

የቆየው 23 ፍሬ ተወገደ፤ አዲስ 30 ተሰጣት። ቦታው ከመስኮት ተነሥቶ ክዳኑ የሚቆለፍ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከቁም ሣጥን በላይ ሆነ። ይህ ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አለች። ኪኒኑ ቀይ ነው፣ ልባሱ ጣፋጭ ነው፣ ከረሜላ ይመስላል። ለሕፃን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ብረት መመረዝ ሊያስነሣ ይችላል፤ 60 ሲደርስ ሕይወትን ያሰጋል። ለ10 ኪሎ ልጅ ያ አሥር ኪኒን ብቻ ነው፣ አንድ እሽግ።

የባከኑት ዘጠኝ ሌሊቶች

በ28ኛው ሳምንት ሄሞግሎቢን 8.9 ሆነ። አራት ሌሊት አንድ፣ አሥር ሌሊት ሁለት፣ 24 መዋጥ ነበረበት፤ 6 መቅረት ሲገባው 8 ቀረ። አንድ ሌሊት ብቻ ተዘልሏል። ሰገራዋ ጠቁሯል። በሁለት ሳምንት 0.6 መጨመር ደግ ነው። ሌላ 30 ተሰጣት።

በ30ኛው ሳምንት 9.0 ሆነ። ጭማሪው ቆሟል ማለት ነው፤ ከጣት በሚለካ መሣሪያ 0.1 ለውጥ አይባልም። በካርዷ ላይ በተጻፈው መሠረት ወደ ደም ሥር የምትላክበት ቀን ደርሷል። ነርሷ ግን እንደገና ቆጠረች። 38 ፍሬ በእጇ ነበር፤ ለ14 ሌሊት 28 ሊዋጥ፣ 10 ሊቀር። የተገኘው 28 ነው። አምስት ሌሊት ብቻ ተውጧል ማለት ነው። ምን ተፈጠረ?

ባለቤቷ ተጨንቆ ኖሯል። ከመድኃኒት ቤት «የነፍሰ ጡር ቫይታሚን» ተብሎ ከውጭ የመጣ፣ በሚያምር ጠርሙስ፣ ዋጋውም የከበደ ነገር ገዛላት። «በነፃ ከሚሰጠው ይህ ይሻላል» ብለው ሁለቱም አመኑ፤ ዘጠኝ ሌሊት እሱን ብቻ ወሰደች። ጠርሙሱ ሲነበብ በአንድ ፍሬ ያለው ብረት 27 ሚሊ ግራም ነው፤ ካልሲየምና ዚንክም አብረው አሉ፤ ሁለቱም ከብረቱ ጋር ይሻማሉ። በነፃ ከሚሰጠው ሁለት ኪኒን ሩቡን እንኳ አያህልም። ጤነኛ ነፍሰ ጡር ብትወስደው አይጎዳት ይሆናል፤ 8.9 ላላት ሴት ግን ሕክምና አይደለም። ባሏን የወቀሰው የለም፤ ያደረገው ከፍቅር ነው። ጠርሙሱን ይዞ እንዲመጣ፣ ወደፊትም ከመግዛቱ በፊት እንዲያሳይ ብቻ ተነገረው።

ጠርሙስና እሽግ ሲነበብ የሚያሳስት ሌላ ቁጥር እዚህ ይነሣ። «ፌረስ ሰልፌት 300 ሚሊ ግራም» ማለት 300 ሚሊ ግራም ብረት ማለት አይደለም። 300ው ብረቱ ከሌላ ነገር ጋር የተዋሐደበት የጨው ክብደት ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት 60 ነው። ውኃው የወጣለት 200 ሚሊ ግራሙ ደግሞ 65 ያህል ይዟል። 200ውን አይቶ «ከ300ው ያንሳል» ብሎ ቁጥር የሚጨምርም፣ 300ውን አይቶ «ከመጠን ያልፋል» ብሎ የሚቀንስም አለ። መታየት ያለበት ንጹሕ ብረት ተብሎ የተጻፈው ብቻ ነው።

ስለዚህ አልተላከችም። ለሁለት ኪኒኑ ሙሉ አራት ሳምንት ዕድል ተሰጠው፤ አጎራባች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም በሳምንት አንዴ ቤቷ ሄዳ እንድትቆጥር ተደረገ። በ34ኛው ሳምንት 10.3። ደረጃው ላይ ልቧ መምታት ትቷል። በ38ኛው 11.2።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ያታልላል። 11.2 ከ11 በላይ ነው፣ «ድናለች» ብሎ ወደ አንድ ኪኒን መመለስ የሚያምር ነው። የድሬዳዋ 0.8 ሲቀነስ ግን 10.4 ነው፤ በሦስተኛው ሦስት ወር መለያው 11 ነው። ስለዚህ ሁለቱ ኪኒን እስከ ወሊድ ቀጠለ።

የልኬቱም ጥራት ሳይታይ አይታለፍም። በየቀጠሮው የተለካችው በአንድ መሣሪያ ነበር። ጣቷ ቀዝቅዞ እንደሆነ ታሽቶ ይሞቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠብታዎች በጥጥ ይጠረጋሉ፤ ሦስተኛው ሳይጨመቅ ራሱ ሲወጣ ይወሰዳል። ጣት ተጨምቆ የወጣ ደም ከሕዋስ ውጭ ያለውን ፈሳሽ ይቀላቅልና ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል። ደሙ የሚገባበት የኩቬቱ ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለም ውጤቱ አይታመንም።

ጾም በሕክምናው መሐል ቢገባ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚለወጠው። በረመዳን ነፍሰ ጡር የመተው ፈቃድ ቢኖራትም ጹማ የምትመጣ ብዙ ናት፤ ለእሷ ከአፍጥር ሻይ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ከሱሑር በፊት ይዋጣል። በዐቢይ ጾም ለምትጾመው ደግሞ የሥጋ ብረት ስለሚቀር ምስሩና ቅጠሉ ላይ ሎሚ መጭመቅ ያኔ ከወትሮው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከወሊድ በኋላ

በ39ኛው ሳምንት ጤና ተቋም ውስጥ 3.1 ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ እንደወጣች ደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ለእናቲቱ ተሰጣት፤ እትብቱ የተቆረጠው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከተጠበቀ በኋላ ነው፤ በዚያች ደቂቃ የሚገባው ደም የሕፃኗ የመጀመሪያ ወራት ብረት ነው። እናቲቱን የፈሰሳት ደም 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ነበር። በእሷ ሄሞግሎቢን ይህ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ነው፤ በ8.3 ላይ ሆና ብትወልድ ከዚሁ ባለፈ መፍሰስ ደም ሊፈለግላት ይችል ነበር።

ከወሊድ በኋላ በቀን አንድ ኪኒን ቀጠለች። ስድስተኛው ሳምንት ላይ 12.3፣ ሲስተካከል 11.5። ላላረገዘች ሴት መለያው 12 ስለሆነ አልተቋረጠም። በሦስተኛው ወር 13.1፣ ሲስተካከል 12.3፤ ያኔ ቆመ። ክንዷ ላይ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ መረጠች። ስለ ፎሊክ አሲዱም የተወራው ያኔ ነው፦ የፅንሱ የአከርካሪ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። በ16ኛው ሳምንት የጀመረችው ፎሊክ አሲድ ደም ለመሥራት ጠቅሟታል፤ ለቱቦው ግን ዘግይቶ ነበር። የሚቀጥለውን ስታስብ መከላከያውን ከማስወጣቷ በፊት ኪኒኑን ልትጀምር ተነገራት።

አንድ ነገር ግን ከ26ኛው ሳምንት ጀምሮ ሳይዘጋ ቆይቷል፦ አማቷ የወሰዷቸው አሥር ኪኒኖች። እናቲቱ ለክትባት ሕፃኗን ይዛ ስትመጣ አማቷም አብረው መጥተው ነበር፤ ነርሷ «እርስዎንም ያዞርዎታል ብለውኛል» ብላ ለካቻቸው። 9.9 ሆነ። ዕድሜያቸው 58 ነው፤ የወር አበባ ካዩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ዕድሜ ብረት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ ቦታ ደም ሲፈስ ነው፣ የሚፈሰውም አብዛኛውን ጊዜ በጨጓራና በአንጀት ነው። ለጉልበታቸው ሕመም ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለዓመታት ይወስዱ ኖሯል። ኪኒን አልተሰጣቸውም። ዲክሎፌናኩ እንዲቆም ተነግሯቸው፣ ጨጓራቸው በመሣሪያ እንዲታይ የመላኪያ ወረቀት ተጽፎላቸው፣ በልጃቸው ባጃጅ ሆስፒታል ሄዱ።